«ያው» አልኩ

ሰኔ 8፣ እሁድ

ይህ ደብተር የኬሚስትሪ ነበር። ግማሹ ባዶ ስለቀረ ለራሴ ወረስኩት። ማትሪክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማስታወሻ መጻፍ የሚጀምር ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን የሆዴን የምነግረው ሰው የለኝም። ሉሲ አለች፤ ለሉሲ ደግሞ «ፈርቻለሁ» ብላት እሷ ጭራሽ ትሞታለች።

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ኮልፌ ገበያ፣ በሉሲ እናት ሱቅ ጀርባ ያለችው መጋዘን ውስጥ አጠናን። እትዬ ገበያነሽ ቆጮ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ስለሚሸጡ ወደ ቤት ስመለስ እማዬ «ዛሬ ደግሞ የተማርሽው ፊዚክስ ነው ክትፎ?» ትለኛለች። የፊዚክስ መምህራችን በየካቲት ሌላ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ተተኪ አልመጣም። ስለዚህ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሉሲንና የክፍላችንን ልጅ ኢዮስያስን፣ አንዳንዴም ከሌላ ክፍል የሚመጡ ሁለት ሦስት ልጆችን። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛ አሳጥሬ ጻፍኩት፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ተበተነ፣ «የፋሲካ ሾርት ኖት» ተባለ። ኢዮስያስ «ፕሮፌሰር» ይለኛል። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

ዛሬ የከለስነው ገጽ ዘጠኝን ነው። በቀይ እስክሪብቶ የከበብኳት ሕግ እዚያ ናት፦ ፍጥነት ካልተቀየረ አክስለሬሽን ዜሮ፤ አክስለሬሽን ዜሮ ከሆነ ኃይልም ዜሮ። አጭርና ቆንጆ። ሉሲ እጇን አወጣች። ሦስት ሆነን ተቀምጠን እጅ ታወጣለች!

«መኪናው እየዞረ ከሆነስ? ማለት፣ ፍጥነቱ ያው ሃምሳ ሆኖ፣ ግን ክብ እየዞረ ቢሆን?»

«ዞረም አልዞረም ሃምሳው ሃምሳ ነው አይደል? ካልተቀየረ ዜሮ ነው፣ በቃ። ሉሲዬ አትፈላሰፊ፣ ጊዜ የለንም።»

«እሺ» አለችና ጻፈች። የሉሲ ችግሯ ይሄ ነው፤ ቀላሉን ነገር ታወሳስባለች።

ስንወጣ እትዬ ገበያነሽ ለአንዲት ደንበኛ ሲያወሩ ሰማሁ። «ከስድስት መቶው ሦስት መቶ ካመጣች ትማራለች። ካላመጣች ሱቁን ትረከበኛለች። እኔ እንደሆን ወገቤ አልቋል።» እየሳቁ ነው የተናገሩት። ሉሲ ግን አልሳቀችም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

የሞዴል ፈተና ውጤት መጣ። እኔ 461። ኢዮስያስ 330። ሉሲ 304፤ ከመስመሩ በአራት በለጠች። አቅፋኝ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ ሁለት መቶም አላመጣ» አለችኝ። እኔም አለቀስኩ።

ጎረቤታችን ጋሽ መዝገቡ በር ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ፊዚክስ ላይ የሚከብድሽ ነገር ካለ ብቅ በይ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን የሳቸው ነገር የድሮ ነው። ቬሎሲቲን «ቶሎታ» ይሉታል! እኔና ሉሲ አንድ ቀን ሰምተናቸው በሳቅ ነው የሞትነው። «እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ» ብዬ አለፍኩ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

የምንፈተንበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባን። ፍተሻ፣ ሰልፍ፣ ዝናብ። ስልክ የለም። ሉሲና እኔ አንድ ዶርም ደረሰን፣ እሷ ከታች እኔ ከላይ። ሾርት ኖቱን ትራሷ ስር አድርጋ ነው የተኛችው።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

እንግሊዝኛ። ደህና ነው።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሒሳብ። ጊዜ አልበቃም፣ ግን ለማንም አልበቃም። ሉሲ «ግማሹን እርግጠኛ ነኝ» አለች። ነገ ፊዚክስ።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ፊዚክስ አለቀ።

መብላት አልቻልኩም። ምን ሆኜ ነው «ያው» ያልኩት?

ሰኔ 26፣ ሐሙስ፣ ማለዳ

ሁሉም ተኝተዋል። ኬሚስትሪ በሦስት ሰዓት ነው። ይህን ሳልጽፈው ኬሚስትሪ አይገባልኝም።

የትናንቱ ፊዚክስ ላይ ከአርባ አንድ እስከ አርባ ስድስት ያሉት ጥያቄዎች የሚሠሩት በአንድ ሥዕል ነው። አንድ መኪና ፍጥነቱ ሳይቀየር ክብ መንገድ ይዞራል። አክስለሬሽኑ ስንት ነው? የሚያርፍበት ኃይል ስንት ነው? በእጥፍ ፍጥነት ቢዞርስ? እያለ ስድስት። ሳየው ደስ አለኝ። ገጽ ዘጠኝ! ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብዬ አጠቆርኩ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝም።

አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር ተመልሼ ሥዕሉን አየሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ታክሲ ትዝ አለኝ። ከአየር ጤና ስንመጣ አደባባዩን ሲዞር በሩ ጋ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን ማን የማያውቅ አለ? ሾፌሩ ነዳጅ ሳይጨምር፣ ፍሬን ሳይዝ፣ ዝም ብሎ ሲዞር በሩ ላይ ትለጠፊያለሽ። ኃይል ከሌለ ምንድን ነው የሚለጥፈኝ?

ያን ጊዜ ገባኝ። ስፒድ እና ቬሎሲቲ። እኔ ሁለቱንም «ፍጥነት» ብዬ ነው የጻፍኳቸው። መኪናው ሲዞር ስፒዱ አይቀየርም፤ አቅጣጫው ስለሚቀየር ቬሎሲቲው ግን ይቀየራል። አቅጣጫ! በእንግሊዝኛው ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑትን እኔ በአማርኛ አንድ ቃል ውስጥ ጠቀጠቅኳቸው፤ በቀይም ከበብኳቸው። ስድስቱንም በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ሠራሁ። ደወሉ ሲደወል አርባ ስድስትን እያጠቆርኩ ነበር።

አዳራሹ ፊት ለፊት ትልቅ ዛፍ አለ። ስወጣ ሾርት ኖቴን የተማሩት ሁሉ እዚያ ተሰብስበዋል፤ ሉሲ፣ ኢዮስያስ፣ ከሌላ ክፍል የነበሩት ሁለት ልጆችም። የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲያለቅሱ እነሱ ብቻ ይስቃሉ።

«አርባ አንድ?» አለ ኢዮስያስ።

«ዜሮ!» አሉ ሁሉም አንድ ላይ።

«አርባ ሁለት?»

«ዜሮ!»

«አቦ ይመቻችሁ! ፈታኙ ራሱ ሰንፎ ነው እንዴ፣ ሁሉንም ዜሮ ያደረገው?» ኢዮስያስ ዘለለ። ሉሲ ስታየኝ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ፋሲዬ! ገጽ ዘጠኝ መጣ! ስድስቱንም! አንቺም ዜሮ አልሽ አይደል?»

«ያው» አልኩ።

ያው ማለት አዎ ማለት አይደለም። ሰው «እንዴት ነሽ» ሲለኝም ያው እላለሁ። ግን ሉሲ «አዎ» ብላ ነው የሰማችው፤ እኔም ስትሰማ አይቻታለሁ።

ለምን አልነገርኳትም? ዛሬ ኬሚስትሪ አለባት፣ ነገ ባዮሎጂ አለባት። ብነግራት ትበታተናለች። መልሱ ደግሞ አንዴ ተሰብስቧል፣ ብነግራት አይቀየርም። ፈተናው ሲያልቅ እነግራታለሁ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ቤት ገባን። አውቶብሱ ውስጥ ሲዘፈን፣ ሲጨፈር ነው የመጣነው። እዚያ መሀል እንዴት ይነገራል? ነገ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ጋሽ መዝገቡ ጋ ሄድኩ። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ፣ ምናልባት ዜሮው ልክ ነው ብዬ። በቁሜ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ አንድ ልጅ ክብ የሚዞር መኪና አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው ብሎ መለሰ። ልክ ነው እንዴ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አይደለም። ልጁ ፍጥነትና ቶሎታን አምታቶ ነው። ፍጥነት ስንት የሚለው ብቻ ነው። ቶሎታ ስንት እና ወዴት ነው። ያን ቃል የፈጠሩት ሰዎች ዝም ብለው አልፈጠሩትም፣ አንቺ ልጅ። እናንተ ግን ትስቃላችሁ።»

ለካ ሰምተውን ነበር።

«ማነው ያስተማረው?»

«አንድ አስተማሪ ነው።»

«ከመጽሐፉ ሳያመሳክር? እኔ በአስተማሪው አልፈርድም፤ ሰው ይሳሳታል። የማዝነው ለተማሪዎቹ ነው» አሉና ሻይ ልቅዳልሽ አሉኝ። እቤት እፈለጋለሁ ብዬ ወጣሁ። ማንም አልፈለገኝም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሉሲ ጋር አየር ጤና ሄደን ስንመለስ ታክሲው ሞልቶ ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። አደባባዩን ሲዞር ሉሲ ሙሉ ክብደቷን ይዛ ላዬ ላይ ወደቀች። ሳቀች። እንዳትናገር በልቤ ለመንኳት። ተናገረች።

«ይሄን አየሽው? ፈተናው ላይ ይሄ ነገር ትዝ ብሎኝ ልሳሳት ነበር እኮ። ታክሲ ሲዞር የሆነ ነገር ይገፋናል፣ ስለዚህ ዜሮ ሊሆን አይችልም አልኩና ሌላውን አጠቆርኩ። ስድስቱንም! ከዛ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አትፈላሰፊ ያልሽው። በላጲስ አጥፍቼ ዜሮ አደረግኳቸው። አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ።»

ሁለታችንም አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ ስለ አንድ ታክሲ እያሰብን ነበር። እኔ ከዜሮ ወደ ልኩ ስሄድ እሷ ከልኩ ወደ ዜሮ መጣች። በእኔ ምክንያት።

«ምነው ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ታክሲው ነው» አልኳት። ፌርማታው ሳይደርስ ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ። ቤት የደረስኩት በዝናብ ነው።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

አልተኛሁም።

ሐምሌ 25፣ አርብ

ስድስት ጥያቄ አሥር ማርክ ነው። ሉሲ ሞዴሉ ላይ በአራት ነው ያለፈችው። ግን እኮ ሞዴሉ ይከብዳል ይባላል። ኬሚስትሪም ቀላል ነበር። ባዮሎጂ በጣም ጥሩ ሠርቻለሁ ብላለች። ታልፋለች። ካለፈች ደግሞ ምኑ ይነገራል? እንዲያው ሰው ማስቀየም ይሆናል። ውጤቱ እስኪመጣ ልጠብቅ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጾሙ ስለተፈታ እትዬ ገበያነሽ አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤና ቆጮ ተሸክመው ቤታችን ድረስ መጡ። በዚያ ወገባቸው፣ በዚያ ጭቃ። ለእማዬ «ልጄን ያስተማረችልኝ ያንቺ ልጅ ናት። ለሰው እውቀቱን የማይሰስት ልጅ ይባረክ» አሏት። እማዬ በኩራት አበጠች። እኔ ጓዳ ገብቼ የሌለ ብርጭቆ ስፈልግ ቆየሁ።

ስሸኛቸው በሩ ላይ እጄን ያዙ። «ሉሲ ቤት ውስጥ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? 'ፋሲካ ካለችው ልክ ነው' ነው የምትለው። የሰማይ ቀለም አረንጓዴ ነው ብትያት ጥያቄ አታነሳም!» ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ አላውቅም።

ምሳ ላይ ሁሉም ቅቤውን አሞገሱት። በላሁ። ጣፋጭ ነበር፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ውጤት ዛሬ፣ ውጤት ነገ ይላሉ። ኢዮስያስ በየሰዓቱ ይደውላል። ሉሲ አንዴም አልደወለችም።

መስከረም 5፣ ሰኞ

እኔ 487። ፊዚክስ 88።

ኢዮስያስ 341።

ሉሲ 293።

ሦስት ጊዜ ቁጥሯን እያስገባሁ አየሁት፤ ሰባት ጎደላት። ፊዚክስ 38። እማዬ እልል ስትል፣ ጎረቤት ሲገባ፣ ሲስሙኝ፣ እኔ የማስበው 293 ሲደመር አሥር ስንት እንደሆነ ነው። አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚደምረውን። እየደመርኩ ጭንቅላቴ እንቢ አለ።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ሉሲ ሱቅ ውስጥ ቆማ ሚጥሚጣ ትመዝናለች። ከፈተናው በፊት እናቷ ነበሩ የሚመዝኑት።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ። ከልቧ ነው። የሚገድለኝ እሱ ነው።

«ሪሚዲያል ይደርስሻል እኮ። አንድ ዓመት ተምረሽ ትገቢያለሽ።»

«አልሞላም። ለእማዬም ነግሬያታለሁ።» ሚጥሚጣውን ቋጠረች። «ያንቺ 88፣ የኔ 38። ያው ሾርት ኖት፣ ያው አስተማሪ። ያልተማርኩት ባይገባኝ እሺ፣ ተምሬው ያልገባኝን ምን ላደርገው? ፋሲዬ፣ እኔ ጭንቅላቴ አይሠራም። በቃ አሁን አወቅኩት።»

እናቷ ከውስጥ «እንዲህ አትበይ አላልኩሽም?» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል።

አልነገርኳትም። ደንበኛ ገባ።

ደንበኛው ወጥቶም አልነገርኳትም።

መስከረም 9፣ አርብ

ነገርኳት።

መጋዘኗ ውስጥ፣ ሁልጊዜ በምንቀመጥበት ማዳበሪያ ላይ። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋብኝ። «ሉሲ፣ ልክ ነበርሽ» አልኳት።

«ምኑን?»

«አርባ አንድን። እስከ አርባ ስድስት። በላጲስ ያጠፋሽው ነበር ልኩ። ሾርት ኖቱ ነው የተሳሳተው። ያኔ 'እየዞረ ከሆነስ' ያልሽኝ ጊዜም ልክ ነበርሽ። ፊዚክስ ገብቶሽ ነበር። እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፤ ፊቷ በራ። ብድግ አለች። «እማ! እማዬ! ልክ ነበርኩ!»

«ምን ሆንሽ?» አሉ እናቷ ከሱቁ።

«ምንም! ልክ ነበርኩ!» እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች። ለአንድ አፍታ ይቅር የተባልኩ መሰለኝ። ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየደመረች ነው።

«ሦስት መቶ ሦስት» አለች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አንቺ ግን 88 አመጣሽ።»

«አዎ።»

«ስለዚህ አንቺ ዜሮ አላልሽም።»

«አላልኩም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ልዋሽ እችል ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ነው ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እዚያው ፈተናው ላይ። ሊያልቅ ሲል።»

«ዛፉ ስር ስጠይቅሽስ?»

«ያው አልኩሽ።»

«አዎ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ውጭ ተሸካሚዎች «ወገድ! ወገድ!» እያሉ ያልፋሉ። ሉሲ ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን። «ክረምቱን ሙሉ» አለች። «ታክሲ ውስጥ ያን ሁሉ ስነግርሽ አንቺ ታውቂ ነበር። ማክሰኞ ጭንቅላቴ አይሠራም ስልሽ እዚህ ቆመሽ ታውቂ ነበር። ተሳስተሽ ብታስተምሪኝ ምንም አይደለም፣ ማንም ይሳሳታል። ግን ደደብ ነኝ ስል እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

አሁን ይህን ስጽፍ ብዙ መልስ ይመጣልኛል፤ አንዱም ደስ አይልም።

«ቅቤው ጣፈጣችሁ?» አለችኝ። ሉሲ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ሂጂ፣ ፋሲካ።» ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ፋሲዬ እንጂ ፋሲካ ብላኝ አታውቅም።

በሱቁ በኩል ወጣሁ። እትዬ ገበያነሽ «እንዲህ ቶሎ? ምሳ ሳትቀምሽ?» አሉኝ። አልሰሙም። ወይም ሰምተዋል።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ኢዮስያስ ደወለ። ሉሲ ነግራዋለች። «አቦ ፕሮፌሰር፣ እኔስ አለፍኩ፣ ችግር የለም» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ግን አሪፍ አይደለም» አለ። ዘጋው።

ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። በኋላ የቅቤውን ጣሳ አጥባ በእጄ አስያዘችኝና «አንቺው መልሺ» አለችኝ። ወስጄ ለእትዬ ገበያነሽ ሰጠሁ። ተቀበሉኝ። «እናትሽን ሰላም በይልኝ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ሉሲ አልነበረችም።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው።

ሉሲ ሪሚዲያል ሞላች። ይህን የሰማሁት ከእሷ አይደለም። እናቷ «ልክ ከነበረች ትሞክራ፤ ሱቁ የት ይሄድብኛል» ማለታቸውን እማዬ ከገበያ ሰምታ መጣች። ደስ አለኝ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ግን አጣሁ።

ዛሬ ከሰዓት የጋሽ መዝገቡ በር ሲንኳኳ የእኛ በር መስሎኝ ከፈትኩ። ሉሲ ናት፣ ደብተር ይዛ፣ እሳቸው በር ላይ ቆማለች። አየችኝ። በጭንቅላቷ ብቻ ሰላም አለችኝና ገባች። ለማያውቁት ጎረቤት የሚሰጥ ዓይነት ሰላምታ ነው።

በእኛና በእሳቸው ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። መስማት አልፈለግኩም፣ ግን ከክፍሌም አልወጣሁም። ሲያስረዷት ቆዩ፣ እሷም አቋረጠቻቸው፤ «ጋሼ፣ እንዲህ ቢሆንስ ግን?» አለች። ምን ቢሆን እንዳለች አልሰማሁም። እሳቸውም «ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። እስቲ አብረን እናስብበት» አሏት።

አምስት ወር ሳስተምራት እኔ አንድም ቀን እንዲህ ብያት አላውቅም።